አራተኛው ለቅሶ

ታናሽየዋ እህት የስድስት ዓመት ልጇን እያሳየች ኢንተርኔት ላይ የልጆች ቻናል ከከፈተች ወዲህ፣ ቪዲዮውን ቆርጣና ቀጥላ የምታዘጋጀው ኤዲተሯ ታላቅ እህቷ ነበረች። ልጅቷ ትዘፍናለች፣ ቀለም ትቀባለች፣ ትኮላተፋለች፤ የሰው ልጅ ሁሉ ስልክ ላይ ተደፍቶ ያያታል።

አንድ ሰኞ የመጣው ቀረጻ ግን የኤዲተሯን ደም አፈላው። ልጅቷ የጨርቅ ጥንቸሏን አልጋ ስር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ፈልጋ ስታጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ወዲያው ከካሜራው ጀርባ የእናትየው ድምፅ ተሰማ፦ «ቀና በይ፣ የኔ ቆንጆ፤ ፊትሽ አልታየም። እንደገና!» ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። በአራተኛው እንባዋ ደረቀ። ያኔ እናትየው፣ «በቃ፣ ጥንቸልሽን መኪና ገጭቷታል፤ ሞታለች» አለቻት፤ ልጅቷም እሪ ብላ አለቀሰች።

ኤዲተሯ ኮምፒውተሩን እንኳ ሳትዘጋ ተነስታ ወጣች። እህቷ ቤት እንዴት እንደደረሰች አታውቅም።

«እትዬ! አየሽው?» አለች ታናሽየዋ በሩን እየከፈተች። «ሰው ጉድ ነው የሚለው!»

«ጥንቸሏ የት ናት?»

«መሳቢያ ውስጥ። መጨረሻ ላይ እሰጣታለሁ እኮ! የሚያዩት ልጆችም ማዘንን ይማሩበታል።»

«የሚማሩትን ልንገርሽ? ልጅ ሲያለቅስ ቁጭ ብሎ ማየትን ነው! አምጠሽ የወለድሻት አይደለችም እንዴ? አንጀት የለሽም?»

«አንቺ ሳትወልጂ ስለ አንጀት ልታስተምሪኝ?»

ቃሉ ኤዲተሯ ላይ እንደ ጥፊ አረፈባት። አፏን ከመክፈቷ በፊት ልጅቷ ጩኸቱን ሰምታ ከጓዳ ወጣች። ሁለቱን በየተራ አየቻቸውና ቀና ብላ ቆመች።

«እማዬ፣ አሁን ላልቅስ?»

እናትየው ዓይኗን ሰበረች። ኤዲተሯ መሳቢያውን በርግዳ ጥንቸሏን አወጣችና ዘረጋችላት። ልጅቷ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«ሞታለች እኮ» አለች።

ኤዲተሯ ያን ዕለት ቀረጻውን ከኮምፒውተሯ ላይ ጠራርጋ አጠፋችው። እህቷ ግን ቅጂ ነበራት። በሳምንቱ ሌላ ኤዲተር አዘጋጅቶት ቪዲዮው ቻናሉ ላይ ወጣ፤ ከስሩ ተመልካቾች የላኳቸው የሚስቁ ፊቶች ምስል ተደርድሮ ሲታይ ሰነበተ።

ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ ሰላም አይባባሉም። ኤዲተሯ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እህቷ ቤት እየሄደች፣ በሩ ላይ ቆማ ልጅቷን ትቀበላለች። ሜዳ ወስዳ ታሯሩጣታለች። ስልኳን ቤቷ ጥላ ነው የምትሄደው። እህቷን ባየች ቁጥር ጥርሷን ነክሳ ትመለሳለች፤ ንዴቷ ዛሬም አልበረደላትም።