ሳይታተም የቀረው እርማት

መምህር ወርቅአፈራሁ ገጹን ሲገልጡት ያው ቃል እንደ ዝንብ ተለጥፎ ጠበቃቸው፦ "ሌባ"።

የመጽሐፋቸው ሽፋን "ታርሞ የቀረበ ሁለተኛ እትም" ይላል። የታረመ አንድም ፊደል የለም። በሚዛን ተፈሪው አዳራሽ ግን ሰው መጽሐፉን ታቅፎ ሊያስፈርማቸው ተሰልፏል።

የግእዝ ሊቅ ናቸው። ከዓመታት በፊት በደበዘዘ ብራና ላይ ከቄስ ሐዲስ ስም አጠገብ "ሰረቀ" የሚል ቃል አንብበው፣ ቄሱ ንዋየ ቅድሳት ሰርቀዋል ብለው ጻፉ። ኋላ ብራናውን ደጅ አውጥተው ሲያዩት፣ ከቃሉ ቀጥሎ "ፀሐይ" የሚል ኖሯል። ጸሐፊው ፊደል አሳስቶ እንጂ "ሠረቀ ፀሐይ" ማለቱ ነበር፤ ማለትም ቄሱ በተሾሙ ዕለት ፀሐይ ወጣች። መምህሩ እርማቱን በራሳቸው ቅጂ ጠርዝ ላይ በቀይ ጽፈው ለአሳታሚው ለሕዝቅያስ ሰጡት።

"የጻፍኩልህ የት ገባ?" አሉት ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው።

"እሱ ቢጨመር ገጹ ይገፋል፣ ማውጫው ይበላሻል። ደግሞ ለስምዎ ብዬ ነው። እርስዎን የሚያህል ሰው 'ተሳስቻለሁ' ሲል ያምርበታል?"

"'ታርሞ የቀረበ' ያልከውስ?"

"እንዲያ ካልተባለ ማን ይገዛል፣ መምህር?" ሳቀ።

አንገሸገሻቸው። የሕዝቅያስ ሽቶ፣ ሽበታቸውን አጥቁሮ ያወጣው የሽፋኑ ፎቶ፣ ጭብጨባው፣ ሁሉም አስጠላቸው። ከሁሉም የባሰው ቃሉን መጀመሪያ የጻፈው የገዛ እጃቸው ነው።

ከሰልፉ ፊት የቆመችው ውድነሽ ነበረች፤ ገበያው ዳር ሱቅ ያላት፣ የቄስ ሐዲስ የልጅ ልጅ። ልጆቿን ትምህርት ቤት "የሌባ ዘር" ሲሏቸው እያለቀሰች መምህሩ ቤት ብትመጣ፣ "በሁለተኛው እትም ይታረማል፤ ቃሌ ነው" ብለዋት ነበር።

"ለወንድሞቼም ገዛሁላቸው፣ መምህር" አለች ሦስት መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። "የአያታችን ስም ጠራ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ገና አልገለጠችውም።

ሕዝቅያስ እስክሪብቶ አቀበላቸው። "ፊርማ ብቻ፣ ቶሎ ቶሎ። ዝናቡ መጣ።"

መምህሩ የፊርማውን ገጽ አልፈው ወደ ውስጥ ገለጡ። "ሌባ" የሚለውን ሰረዙና ጠርዙ ላይ መጻፍ ጀመሩ።

"ኧረ መምህር! መጽሐፉን አበላሹት እኮ!" አለ ሕዝቅያስ።

"የተበላሸውስ ድሮ ነው" አሉ ቀና ሳይሉ። "ልጄ፣ አልታተመም፤ ዋሸሁሽ። ተቀመጪ፣ ሦስቱንም እጽፍልሻለሁ። አንተም በሩን ዝጋና ለሰዉ ወንበር ስጥ። ሳይታረም ከዚህ የሚወጣ መጽሐፍ የለም።"