ወይዘሮ ምናልባት

ረፋዱ ላይ በአዳራሹ ግድግዳ የተለጠፈው ጽሑፍ «የምድር ሙቀት የሰውን ዘር ያጠፋል» ይላል። ፊደሎቹ ቀይ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የአንድ ክንድ ቁመት አላቸው። ስለ አየር ንብረት የተዘጋጀው ኤግዚቢሽን የሚከፈተው በማግስቱ ነው። የአየር ንብረት ተመራማሪዋ ከጽሑፉ ሥር ተንበርክካ የዝናብ ሰንጠረዡን ስታመሳክር ልጇ ከኋላዋ መጥታ ቆመች።

«እማዬ፣ ይኼን አንቺ ነሽ ያጸደቅሽው?»

«ዛሬ የሆስፒታል ልምምድ የለሽም እንዴ?»

«ተራዬ ከሰዓት ነው። ግን አልገባም። ትምህርቱን ላቆም ነው።»

ልጅቷ የአዋላጅ ነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ወራት ነው የቀራት። ተመራማሪዋ እርሳሷን አስቀመጠች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ባለፈው የሙቀት ሰሞን እናቶች ዎርዱ ውስጥ ራሳቸውን ሲስቱ አየሁ። ሰው ሁሉ አለቀልን ሲል፣ እናቴ እንደዚያ አላለችም እያልኩ ነበር የምገባው። አሁን ይኸው አልሽ። የሚጠፋ ከሆነ ምን ብዬ ነው የማዋልደው?»

ተመራማሪዋ ቀና ብላ ቀዮቹን ፊደሎች አየች። በመሥሪያ ቤቷ «ወይዘሮ ምናልባት» ነው የሚሏት፤ እንደምን አደርሽ ሲሏት እንኳ ማስረጃ ትጠይቃለች እያሉ ያሾፋሉ። በኤግዚቢሽኑ ዝግጅት ስብሰባ ላይ ይህ ጽሑፍ ሲነበብ ሁሉም አሁን «ምናልባት» ትላለች ብለው ወደ እሷ ዞረው መሳቅ ጀመሩ። ለአንድ ቀን እንኳ መቀለጃ ላለመሆን ብላ ዝም አለች። ዝምታዋም እንደ ስምምነት ተቆጠረ።

«እንደተጻፈው አይደለም» አለች።

«ታዲያ እንዴት ነው? ምናልባት እንዳትይኝ ብቻ።»

«የሰው ዘር ይጠፋል የሚያሰኝ ማስረጃ የለንም። ሙቀቱ በጣም ከጨመረ ምን እንደሚከተል አጥርተን አናውቅም፤ አለማወቃችንም ለደህንነታችን ዋስትና አይሆንም። ሰው እየገደለ መሆኑን ግን እናውቃለን። ባሕሩ ለሚውጠው መንደር፣ ዎርድሽ ውስጥ ለወደቀችው እናት፣ የመኖር ያለመኖር ጉዳይ ነው። ከሙቀቱ የዲግሪ ሽራፊ ብትቀንስ እንኳ የምትተርፍ ነፍስ አለች።»

«እና አላለቀልንም?»

«አላለቀልንም። ደህናም አይደለንም።»

«ይኼ ያጽናናል ብለሽ ነው?»

«ለማጽናናት አይደለም የነገርኩሽ።»

የኤግዚቢሽኑ አዘጋጅ መሰላል ተሸክሞ ሲያልፍ ተመራማሪዋ አስቆመችው።

«ይኼ ጽሑፍ ይነሣ።»

«ነገ ለሚከፈት ነገር? ዶክተር፣ እባክዎን። ስንት ዓመት ለስለስ አድርገን ተናገርን። ማን ሰማን?»

«እውነትህን ነው፤ ማንም አልሰማም። ቢሆንም ይነሣ።»

«በምትኩ ምን ልጻፍ? ምናልባት?»

አልሳቀችም። «‹ሙቀቱ ሰው እየገደለ ነው። ስንት እንደሚሞት ገና በእጃችን ነው።› እንደዚያ ብለህ ጻፍ።»

አዘጋጁ ግድግዳውን በዓይኑ ለካ። «ረዘመ። ቦታው አይበቃም።»

«ፊደሉን አሳንሰው።»

መሰላሉን ተቀብላ ወጣችና የመጀመሪያውን ፊደል በጥፍሯ መላጥ ጀመረች። ሙጫው ጠንክሮ የግድግዳውን ቀለም ይዞ ይነሣል። ልጇ ከታች መሰላሉን ይዛ ቆየች። ጽሑፉ ገና ተልጦ ሳያልቅ ስልኳን አየችና አዘጋጁን ጠራችው።

«አንዴ ያዝልኝ። እንዳትለቃት፣ እሷ ወደ ታች አታይም።»

«ወዴት ነው?» አለች እናትየዋ ከላይ።

«ተራዬ ደርሷል።»

«ትምህርቱስ?»

«እሱን አልወሰንኩም። ዛሬን ልግባ።»

ወደ ማታ ላይ ልጇ ስልክ ደወለች። ከጀርባዋ የአልጋ ጎማ ሲንቋቋ ይሰማል።

«አንዷን አገላገልኳት።»

«እናትየዋስ?»

«ደም ትንሽ ፈስሷታል፤ ቆሟል። አሁን ተኝታለች።»

«ልጁስ?»

«ሴት ናት። ቆይታም ቢሆን አለቀሰች። ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም፤ ከሚፈለገው ዝቅተኛ ክብደት መቶ ግራም ይጎድላታል።»