ሙሄዲን የማለባት ካርድ

እኔ ስዋሽ ወላሂ አልልም። ይህን ታሪክም ያለ ወላሂ ነው የምጀምረው፤ የቀረውን ራሳችሁ መዝኑ።

ሙሄዲን ፒያሳ ላይ የመጽሐፍ ሱቅ አለው። ክንዱ የበሬ ጭን ያህላል። ሲያስነጥስ የጦሳ ተራራ ጉም ይገፈፋል ይባላል፤ ያልኩት እኔ ነኝ። ኮምቦልቻ መናኸሪያ አጠገብ የምትሠራውን የአክስቴን ልጅ የቢልቂስን ልብ ወለድ አምስት መቶ ኮፒ ያሳተመላት እሱ ነው። ግን ሰው ቆሞ በነጻ እንዳያነብበት እያለ እያንዳንዱን መጽሐፍ በሲባጎ ጠፍሮ ነው የሚያስቀምጠው። ልግለጠው ያለ ሰው ሽመል ይቀምሳል። ዓመት ሙሉ የቢልቂስ መጽሐፍ እንደ እስረኛ ታስሮ ተኛ።

የሁለተኛው መጽሐፏ ረቂቅም እሱው ዘንድ ነበር። ሰባት ደብተር፣ በእጅ የተጻፈ፣ ሌላ ቅጂ የሌለው።

አንድ ጠዋት ባጃጄን ሱቁ በር ላይ ሳቆም፣ ደብተሮቹ ያሉበትን የቆርቆሮ ሳጥን ወደ ውጭ ሲጎትት አየሁት። ክብሪቱን በጥርሱ ነክሷል።

«ጋሼ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ላነድደው ነዋ! የመጀመሪያውን የገዛ የለም፤ ሁለተኛውን ለማን ላሳትም? ለአይጥ?»

ደነገጥኩ። ሰው እንደሚወደው ብነግረው ልቡ ይራራል ብዬ፣ «ኧረ ተነቧል! የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ያለውን አንድ ኮፒ ሰው ወረፋ ይዞ ነው የሚዋሰው» አልኩት።

ክብሪቱ ከአፉ ወደቀ። «በነጻ?» አለ። ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ገበያዬን የበሉት እነሱ ናቸዋ!»

ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ያበረርኩት እኔው ነኝ፤ ሳጥኑም ከኋላ ተጭኗል። ሙሄዲን ሠራተኛዋን ዘሀራን ሳያናግር ጠረጴዛዋን ገለበጠ። መጽሐፉን ነጠቃትና ከጀርባው ኪስ ውስጥ የተዋሱ ሰዎች ስምና ሰፈር የተጻፈባትን ካርድ መዘዘ። አሥራ ዘጠኝ ስም። ሽመሉን ወደ ላይ አነሳ።

«ወላሂ! እዚህች ካርድ ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እገርፋለሁ! የመጨረሻውን ስጨርስ ደብተሮቹን ኮምቦልቻ ወስጄ ቢልቂስ ዓይኗ እያየ አነድዳቸዋለሁ!»

የመጀመሪያው ስም ካሊድ ነበር፤ ሥጋ ሻጭ። የበግ ብልት ሲያወጣ ደረስን።

«አንብበሃል?» አለው ሙሄዲን።

«ምኑን?»

«የቢልቂስን መጽሐፍ!»

«ሁለት ጊዜ!»

ሽመሉ አፉ ላይ አረፈ። ካሊድ ደም ተፋ፣ ጥርስ ተፋ፤ ከመንጠቆው ላይ የበግ እግር አውርዶ የሙሄዲንን አፍንጫ አጣመመው። ተናነቁ። ሚዛኑ ወደቀ፣ መስታወቱ ረገፈ፣ የማን ደም የበግ፣ የማን ደም የሰው እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ካሊድ እያቃሰተ፣ «አንተ ደነዝ፣ ከላይብረሪ አንብቤ ወድጄው ለእህቴ ልገዛላት ሱቅህ መጣሁ። አንዴ ልግለጠው ብልህ በዚሁ በትር አባረርከኝ!» አለው።

ሙሄዲን ሽመሉን አንስቶ ወጣ። ባጃጅ ውስጥ ገብቶ የአፍንጫውን ደም ጠረገ።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ይተዉታ» አልኩት።

«ምዬ? ወላሂ ብዬ? አላህን ላታልለው ነው?» አለና ካርዷን ገለጠ። «ቀጥል፤ ሳሊሃ፣ ልብስ ሰፊ።»

ሳሊሃ በጋለ ካውያ ጀርባውን ተኮሰችው። እስከ ዛሬ ቅርጹ አለበት። አንድ ጡረተኛ መምህር በምርኩዝ ጉልበቱን ነረተው። ሁሉም ግን የሚሉት አንድ ነበር፦ «ልገዛ መጥቼ አባረርከኝ።» እሱ ይሰማል፣ ያፍራል፣ ይገርፋል።

በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ስሞቹ ሲያልቁ ደብተሮቹ ይነድዳሉ፤ ካላለቁ አይነድዱም። ስለዚህ ሙሄዲን ደሙን ታጥቦ ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ፣ ካርዷ እኔ ዘንድ ስለምትቀር፣ በአረንጓዴ ስክሪብቶዬ ስም መጨመር ጀመርኩ። ያረጀ ጎማ አዲስ ነው ብሎ የሸጠልኝን ጨመርኩ። ልጁን አልድርም ብሎ የከለከለኝን አባት ጨመርኩ። መጽሐፍ በቁሙ አይተው የማያውቁ አራት ሰዎች ተቀጠቀጡ። ጥፋት ነው፤ ግን ጎማ ሻጩ ሲጮህ ትንሽ ደስ አለኝ።

በመጨረሻ ሙሄዲንን ራሱን የሚያስቆም ሰው ስፈልግ አምባዬን ጻፍኩ። አምባዬ ኮምቦልቻ ብረት የሚያወርድ ወዛደር ነው። ሹፌር ጎማ ሲቀይር ክሪክ አይፈልግም፤ አምባዬ አይሱዙውን በትከሻው ይዞለት ይቆማል።

ወደ ኮምቦልቻ የሀረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሳጥኑ ከኋላ ይንኳኳል፣ ሙሄዲን ያቃስታል። አምባዬ መናኸሪያው አጠገብ ቁጭ ብሎ ምሳውን ይበላ ነበር። ሙሄዲን ምንም ሳይል አናቱን አለው። ሽመሉ ሦስት ቦታ ተሰበረ። አምባዬ ጉርሻውን ዋጠና ቀና አለ።

«ምነው፣ ሰላም አይደለህም?»

ከዚያ ክንዱን ያዘው። ድምፁን ደረቅ ማገዶ ሲሰበር ሰምታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። መናኸሪያው በሙሉ ተሰበሰበ።

«ለምን መታኸኝ?»

«መጽሐፍ... በነጻ አንብበህ!»

«እኔ? ፊደል ከቆጠርኩ ሃያ ዓመቴ! ደግሞ ይህን ያህል የሚያስደበድብ መጽሐፍ የቱ ነው?»

«የቱ ነው?» አለ ሕዝቡም።

ለሙሄዲን ግን የካርዷ ስሞች አልቀዋል። በግራ እጁ ሳጥኑን ጎትቶ ከፈተ፣ ክብሪት ጫረ። ያን ጊዜ ቢልቂስ፣ የሥራ ሽርጧን እንዳሸረጠች፣ ሰው ገፍታ ገባች። የላይኛው ደብተር ይነድዳል። ሁለት መዳፏን እሳቱ ላይ ከደነች። ቆዳዋ ሲቃጠል ሁላችንንም ሸተተን። አልጮኸችም።

«ልቀቂ! ምያለሁ!» አላት ሙሄዲን እያለቀሰ።

«እጄ ይንደድ። እሱን ደግሜ መጻፍ አልችልም።»

አምባዬ ሳጥኑን ዘጋና ላዩ ላይ ተቀመጠበት። ለከተማው ሁሉ እርቅ የሚያወርዱት ሼህ ሀምዲን ከሕዝቡ መሀል ወጡ።

«አንተ ሰው፣ ለክፉ የተማለ መሐላ ይፈርሳል እንጂ ይፈጸማል እንዴ? ማስተሰረያ፣ ከፋራ አለው። አሥር ምስኪን ታበላለህ፣ በቃ።»

ሙሄዲን አፉን ከፈተ። «በቃ? ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው።»

የተሰበረ ክንዱን አቅፎ መሬት ላይ ተዘረፈጠ።

በማግስቱ ፒያሳ ሰው ተንጋግቶ ባጃጅ ማለፊያ አጣ። ክንድ ያሰበረውን መጽሐፍ ሊያይ የመጣ ነው። ግማሹ ከቤተ መጻሕፍቱ ወረፋ የተረፈ ነበር፤ ተራው እስኪደርስ ያልታገሠ። ከፊት ካሊድ ቆሟል፣ ከንፈሩ እንዳበጠ።

«እንዴት ነው፣ ልግለጠው?»

ሙሄዲን በግራ እጁ ቢላ አንስቶ ሲባጎውን ሁሉ በጠሰ። «ግለጥ፤ እንዳሻህ አንብብ» አለ። በሳምንቱ አንድም ኮፒ አልቀረም። ሰባቱ ደብተሮች፣ ዳር ዳሩ እንደተለበለበ፣ ማተሚያ ቤት ገቡ።

የከፋራው ምሳ ቀን አሥሩን እንግዳ የመረጠው ከደበደባቸው መሀል ነው። ተበላ፣ ዱአ ተደረገ። ከዚያ አምባዬ፣ «እኔ ግን እዚያ ካርድ ላይ ማን ጻፈኝ?» አለ።

ሙሄዲን ካርዷን አገላበጠ። አምስት ስም በአረንጓዴ። ቀስ ብሎ ቀና አለና ጆሮዬ ላይ የሰካሁትን ስክሪብቶ አየ።

«ጋሼ፣ ለደብተሮቹ ብዬ...»

በጀሶው ክንድ ነው ያሳረፈብኝ። ሁለት የፊት ጥርሶቼ ወለቁ። ጎማ ሻጩ ሳቀ።

አዲሱ መጽሐፍ ሲታተም የመጀመሪያውን ኮፒ ሙሄዲን ራሱ ለዘሀራ አስረከበ፤ ያቺን ጠረጴዛም አስጠግኖላታል። እሷም ባዶ ካርድ የመጽሐፉ ኪስ ውስጥ ከተተች። ብዙ አንባቢ ነበረ፤ የመጀመሪያውን ስም ለመጻፍ ግን የደፈረ የለም። ሁሉም አዲሱን ሽመሉን ያያል።

ሙሄዲን አረንጓዴውን ስክሪብቶ ከጆሮዬ ነቀለና ሰጠኝ። «ሙንዚር፣ ጻፍ።»

ስሜንና ሰፈሬን ጻፍኩ። ቢልቂስ በተጠቀለለው መዳፏ መጽሐፉን አቀበለችኝ። ሙሄዲን ከኋላዬ ነበር፤ አልመታኝም።

ይህቺን ብቻ ወላሂ እላለሁ። ያላመነ ጥርሴን ይይ።