የተገመጠችው ፖም

ሮማነወርቅ ሁለት ወር ሙሉ የቅዳሜ ሥራዋን አስቀይራ፣ እዚያው አውሮራ ከተማ ውስጥ ከቻምበርስ ሮድ ሃቫና ስትሪት ወዳለችው የሥዕል ክፍል የተመላለሰችው ለአንድ ነገር ነው። መምህሩ ጋሼ አለምሰገድ ከተማሪዎቻቸው ሥዕል አንዱን መርጠው ዳውንታውን ዴንቨር በሚከፈተው ኤግዚቢሽን መግቢያ ላይ ይሰቅላሉ። ያ ሥዕል የሷ መሆን አለበት፤ በቃ! የሣለቻቸው ወይኑም ዳቦውም ቁርጥ የእውነቱን መስለውላታል።

ጓደኛዋ ፋና ግን ምን ሣለች? ባዶ ሳህን ላይ አንዲት ቀይ ፖም! እሷን እዚህ ያመጣት ማን ሆነና? ብሩሽ አያያዝ ያሳያት ማን ሆነና?

ጋሼ አለምሰገድ ሲመጡ ሮማነወርቅ ፍንጭት ጥርሷን ብልጭ አድርጋ ጠበቀቻቸው።

"ጎሽ፣ ንጹሕ ሥራ ነው" ብለዋት አለፉ። ንጹሕ! የተወለወለ ወለል ነው እንዴ?

ፋና ሥዕል ፊት ግን ቆመው ቀሩ። "የምግብ ሥዕል ውስጥ ሰው አይታይም" አሉ። "ግን ማን እንደሚጠበቅ፣ ማን በልቶ እንደሄደ ምግቡ ራሱ ይናገራል። ይቺ ፖም ሰው እየጠበቀች ነው። ጨርሺያት።"

የሮማነወርቅ አንጀት አረረ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አይወጣለትም። ሁሉም ለዕረፍት ሲወጡ "ስልክ ልደውል" ብላ ቀረች። ከዚያ ፋና እያየች የምትስላትን እውነተኛዋን ፖም ከሳህኑ ላይ አንስታ ግምጥ! እስቲ አሁን ምኗን ትስያለሽ! ኮቴ ስትሰማ የተገመጠውን ጎን ወደ ግድግዳው አዙራ አስቀመጠችና አፏ ውስጥ ያለውን ሳታኝክ ዋጠችው።

ፋና መጣች። ፖሟን አዞረቻት፤ ትክ ብላ አየቻት። "ማን ነው?" ብላ እንኳ አልጠየቀችም። ብሩሿን አነሳች።

በኤግዚቢሽኑ ቀን መግቢያው ላይ የተሰቀለው የፋና ሥዕል ነበር፤ ባዶ ሳህን፣ የተገመጠች ፖም። ሮማነወርቅ እየተቃጠለች ቀረብ ብላ አየችው። የተገመጠው ቦታ መሃል ላይ ጥርስ ያልነካት ቀጭን መስመር ቀጥ ብላ ቆማለች። ወይ ጉድ! ሰርጓ ላይ የተዘፈነላት፣ አውሮራ ያለ ወዳጅ ሁሉ የሚያውቃት ፍንጭቷ ናት።

"ሮሚዬ፣ ነይ ፎቶ እንነሳ!" ፋና ክንዷን ይዛ ከሥዕሉ ጎን አቆመቻት። ጋሼ አለምሰገድ ስልኩን ደቀኑ። ከኋላቸው ሰው ተሰብስቧል።

"ሳቂ እንጂ" አለቻት ፋና ቀስ ብላ። "ሳቂ፣ የኔ ቆንጆ።"

ሮማነወርቅ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ቆመች።