ሳይገጠም የቆየው ኮምፒውተር

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ሠርግ ሲኖር የወንዶቹን ወገን የሚቀርጽ ሰው አይጠፋም። የሴቶቹን የምትቀርጸው ግን ሰዓዲያ ናት። ሙሽራዋ ሻሿን አውልቃ፣ ፀጉሯን ለቅቃ የምትጨፍርበት አዳራሽ ውስጥ ወንድ ካሜራ ይዞ አይገባም። ስለዚህ ከሱዳኖቹም ቤት ከሐበሾቹም ቤት "ያችን የመተማዋን ሴት ጥሩልን" ይባላል። እሷም ካሜራዋን አንግታ ትሄዳለች፤ ጥጓን ይዛ ትቀርጻለች፤ ብይ ሲሏት ትበላለች፤ ሲያልቅ ራክሻ በሚሉት ባጃጅ ተሳፍራ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ቤቷ አንዲት ክፍል ናት። እዚያ ኮምፒውተሯ ፊት ቁጭ ብላ ፊልሙን ስትቆርጥ፣ የሰው እናት ስታለቅስ ታሳጥራለች፣ የሰው እህት ስትስቅ ታስረዝማለች። ቀኑን ሙሉ እልልታ ይሰማታል፤ ኮምፒውተሩን ስታጠፋው ግን የግቢው ዝምታ ጆሮዋ ላይ ይጮኽባታል። የሙሽሮቹን ስም፣ የአክስቶቻቸውን ስም ሳይቀር ታውቃለች። ከእነሱ መሐል በሯን አንኳኩቶ "ዋልሽ ወይ?" የሚላት ግን የለም።

አንድ ልጅ አለቻት፣ ሳና የምትባል። ከባሏ ከሰላሃዲን ጋር ሲለያዩ ሰዓዲያ ቤትም ሥራም አልነበራትምና ልጅቷ ኸሽም ኤል ቂርባ በሚባል ከተማ፣ በአባቷ እናት በአያቷ ዘንድ ቀረች። አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ያደገችውም የተማረችውም በዐረብኛ ስለሆነ አማርኛዋ ይደናቀፋል፤ የሰዓዲያ ዐረብኛ ደግሞ የገበያ ዐረብኛ ነው። አርብ አርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ይደዋወላሉ።

"ደህና ነሽ ሳናዬ?"

"አልሐምዱሊላህ።"

"ትምህርትስ?"

"ኩዌስ፣ ጥሩ ነው።"

"አያትሽስ? ደህና ናቸው?"

"ደህና ናት።"

ከዚያ ዝም ይባባላሉ። ሰዓዲያ የምትጠይቀውን ስትፈልግ፣ ልጅቷ ቀድማ "ያላ ዩማ፣ መዓሰላማ" ትልና፣ በይ እማዬ ደህና ሁኚ ማለቷ ነው፣ ስልኩ ይዘጋል።

ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ሰሞን፣ የጠፋው መብራት ድንገት በኃይል መጣና ኮምፒውተሩን አቃጠለው። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሰዓዲያ በሻሿ ጠቅልላ ገበያ ውስጥ ኮምፒውተር ወደሚጠግነው ወደ ጣሃ ወሰደችው። ጣሃ የጎንደር ሰው ነው፤ ገዳሪፍ ከገባ ብዙ ዘመኑ ነው። ከፍቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

"የቀረጽሽው አልጠፋም፣ ሃርድ ዲስኩ ተርፏል። ሌላው ግን አበቃለት እቴ። በዚህ ላይ ገንዘብሽን አታፍስሺ፤ አዲስ እንግጠም። ዕቃውን አንድ በአንድ ምረጪ፣ እኔ ከካርቱም አስመጣልሻለሁ።"

በዚያው አርብ ስልክ ላይ ወሬ ሲያልቅባት፣ "ኮምፒውተሬ ተቃጠለብኝ፤ አዲስ ላስገጥም ነው" አለች፣ ዝም ላለማለት ያህል።

"ምን ካርድ ነው የምታስገቢበት?" አለች ሳና ወዲያው።

"የምን ካርድ?"

"ካርት ሻሻ! ሥዕሉን የሚሠራው። ዩማ፣ እሱን መጀመሪያ ምረጪ። ሌላው ሁሉ እሱን ነው የሚከተለው።"

ሰዓዲያ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዞረች። ልጇ ይህን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ስትናገር ሰምታ አታውቅም። ለካ ሳና የአጎቷ ልጆች ቤት እየሄደች በኮምፒውተር የመኪና ውድድር ትጫወታለች። ወንዶቹን ሁሉ ታሸንፋለች። የትኛው ካርድ እንደሚግል፣ የትኛው እንደሚቀዘቅዝ፣ የትኛው በቂርባ ሙቀት እንደማይበረክት ታውቃለች። እናቷ ይህን ሁሉ አታውቅም ነበር።

"ግን እኔ የምፈልገው ለሠርግ ፊልም ነው" አለች ሰዓዲያ።

"ለፊልም ከሆነ ራሙ ይብዛ፣ ፕሮሰሰሩም ጠንካራ ይሁን። ለጨዋታ ደግሞ ካርዱ። ሁለቱንም የሚችል እናድርገው?"

እናድርገው አለች። ሰዓዲያ ያቺን ቃል ይዛ ዋለች።

ከዚያ ወዲያ አርብን መጠበቅ ቀረ። አንድ ቀን ስለ ፕሮሰሰር፣ ሌላ ቀን ስለ ማዘርቦርድ ይነጋገራሉ። ሳና "ፓወር ሰፕላዩን ርካሽ እንዳትገዢ፣ የገዳሪፍ መብራት ሌባ ነው" ስትል ሰዓዲያ ብቻዋን ሳቀች። ዕቃው ሁሉ ስለሚገባበት ሳጥን፣ ስለ ኬዙ ተከራከሩ። ሳና ጎኑ መስታወት፣ ውስጡ የሚያበራ ካልሆነ አለች። ሰዓዲያ ደግሞ ሀቡብ የሚሉት ማዕበል ሲነሳ አቧራው በበር ስንጥቅ እየገባ አልጋ ላይ እንደሚከመር ታውቃለችና፣ "ወንፊት ያለው ካልሆነ ማራገቢያው አፈር ይበላል" አለች። ልጅቷ አሰበችና "ሐቅሽን ነው ዩማ" አለች። ሰዓዲያ ከልጇ እንዲህ ስትባል የመጀመሪያዋ ነው።

ጣሃ ያዘዘችውን ሁሉ በአውቶብስ አስመጣ። ካርዱ መጣ፣ ራሙ መጣ። ቀጥሎ ሳና ሐሳቧን ቀየረች፤ ራሙ ከሌላ ዓይነት ይሁን አለች፤ ጣሃ እያጉረመረመ ለወጠው። በመጨረሻ የቀረው ኬዙ ብቻ ሆነ። ሁለት ዓይነት ሱቁ ውስጥ ተደርድሮ አለ፤ ሁለቱም ወንፊት አላቸው።

"አንዱን በይና ልግጠምልሽ" አላት።

"ልጄን ልጠይቃት።"

በሌላ ቀን ስትመጣ "እስቲ እንደገና ልየው" አለች። በሌላ ቀን ደግሞ "ትንሽ ጠብቀኝ።" ጣሃ ግራ ገባው። ያለ ኮምፒውተር ሥራዋ ቆሟል፤ ሴቶቹ የጨፈሩበትን ፊልም ደግሞ ወንዶች በሚሠሩበት ስቱዲዮ ልትከፍተው አትችልም፤ አምነዋት ነው የተቀረጹት። የሰሊጥ ነጋዴው ሚስት ኡምሰልማ ደጋግማ "የልጄ ሠርግ የት ደረሰ?" ብላ ደወለች። በመጨረሻ ራሷ መጣች።

"ሰዓዲያ፣ ችግር ካለብሽ ንገሪኝ" አለቻት፣ በሩ ላይ ቆማ።

ኡምሰልማ የልጇን ፊልም ተቀብላ ከሰላ ከተማ ለምትሠራ ለሌላ ሴት ላከችው። የኡምሰልማ ቤት ገና ሦስት ያላገቡ ሴቶች ልጆች ነበሩት። ሰዓዲያ የእንግዳይቱን መኪና አቧራ እያየች በሯ ላይ ብዙ ቆመች፤ ከዚያ ገብታ ለሳና ደወለችና ስለ ኬዙ ቀለም ጠየቀቻት።

ለዒድ ሳና መጣች። ሰዓዲያ መናኸሪያ ሄዳ ተቀበለቻት፤ ቁመቷ ከእናቷ በልጧል። ተሳሳሙ፤ ፊት ለፊት ሲተያዩ ግን ያ የስልኩ ጨዋታ የት እንደገባ እንጃ፣ ሁለቱም አፈሩ። "እንሂድና ኬዙን እንምረጥ" አለች ሰዓዲያ፣ ሌላ የምትለው ስላጣች።

ጣሃ ሳናን ሲያይ ፊቱ ፈካ።

"አንቺ ነሽ ባለ ካርዷ! ማሻአላህ! በይ እናትሽን ገላግይልኝ። ዕቃው ከተሟላ ስንት ጊዜው! ኬዝ ልምረጥ እያለች አንዱን ስታነሳ ሌላውን ስትጥል ደንበኛ እንኳ አመለጣት።"

ሳና እናቷን አየቻት። ጥቁሩን ኬዝ በጣቷ አመለከተች። ካርቶኖቹን ጭናቸው ላይ ደርድረው በራክሻ ሲመለሱ፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ጮኽ ብላ ጠየቀቻት።

"ዩማ፣ ለምን?"

ሰዓዲያ ካርቶኑን እቅፍ አደረገችው። "ካለቀ ምን ብዬ እደውልልሻለሁ?"

ልጅቷ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። የማሽላ ጆንያ የጫነ ትራክተር እስኪያልፍ ቆሙ። ራክሻው ሲነሳ፣ ሳና ፊቷን ሳትመልስ፣ "የመጀመሪያው ራም ይበቃ ነበር" አለች። "ዝም ብዬ ነው ያስቀየርኩሽ።"

ሰዓዲያ እጇን ዘርግታ የልጇን ጉልበት ያዘች፤ ሳናም አላስለቀቀቻትም።

አቧራ እንዳይገባ በሩን ዘግተው፣ ሰሌኑ ላይ ቁጭ ብለው ገጠሙት። ላባቸው ዕቃው ላይ እንዳይንጠባጠብ እየተጠራረጉ፣ ሳና ብሎን ታጠብቃለች፣ ሰዓዲያ ብሎን ታቀብላለች። ሲጨርሱ ቁልፉን ተጫኑት። ምንም የለም። እንደገና ተጫኑት። ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ሳና ጎንበስ ብላ ራሙን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ቀጭ አለ። ስክሪኑ በራ።

"ያ ሰላም!" ብላ ጮኸች፣ እናቷንም አንገቷን አቀፈቻት።

እነዚያን የዒድ ቀናት ተጫወቱ። ሳና መኪና መንዳት አስተማረቻት፤ ሰዓዲያ ግን መታጠፊያ በመጣ ቁጥር ግድግዳ ትገጫለች፤ ልጅቷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። መሄጃዋ ሲደርስ ሰዓዲያ በልቧ ይዛ የሰነበተችውን ተናገረችው።

"እዚሁ ብትቀሪስ? ትምህርት ቤት እዚህም አለ።"

ሳና ልብሷን ማጠፏን ሳታቆም መለሰች። "አያቴ መነሳት አትችልም ዩማ። የማነሳት እኔ ነኝ፤ ገላዋን የማጥብላትም እኔ ነኝ። አባቴ መስኖ ላይ ነው የሚውለው። ማን አለላት?"

ሰዓዲያ ይህንንም አታውቅም ነበር። ስልክ ላይ "አያትሽ ደህና ናቸው?" ስትል "ደህና ናት" ትባል ነበር። የቀረውን ልብስ አንስታ አብራት አጠፈች። መናኸሪያው ላይ አውቶብሱ እስኪታጠፍ ቆማ አየች።

በሚቀጥለው አርብ ደወለች። ስለ ትምህርት ጠየቀች፣ ስለ አያት ጠየቀች፤ አሁን ሳና እውነቱን ነገረቻት፤ ሌሊቱን እንዳልተኙ፣ እግራቸው እንዳበጠ። ከዚያ የሚመረጥ ዕቃ የለም፤ ዝም ተባባሉ። ሰዓዲያ "ያላ ዩማ" የሚለውን ጠበቀች። ሳና ግን አላለችም። ስልኩን አጠገቧ አኑራው ይሆናል፣ ውኃ ሲቀዳ፣ አሮጊቷ ሲያቃስቱ ይሰማል። ሰዓዲያም ስልኩን ኮምፒውተሩ ጎን አድርጋ ሥራዋን ጀመረች፤ በአዲሱ ማሽን የምትሠራው የመጀመሪያው ሠርግ ነው። እየቆረጠች ታወራለች። ይቺ ሙሽራ ካሜራ ትፈራለች አለች። እናቷ ደግሞ መድረኩን አልለቅም አለች። ይህን ዘፈን ታውቂዋለሽ?

መልስ ሲጠፋባት ስልኩን አነሳችው። ረሲዱ፣ የስልኩ ሂሳብ፣ አልቆ ኖሯል፤ መስመሩ መቼ እንደተቋረጠ አላወቀችም። ልጅቷ መልሳ ትደውል እንዳይባል እሷም ረሲድ የላትም፤ ረሲድ የሚሸጠው ሱቅም ለሶላት ተዘግቷል። ሰዓዲያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ሙሽራዋ ወደ አዳራሹ የምትገባበትን ቦታ ፈልጋ መቁረጧን ቀጠለች።