ከቁም ሣጥኑ ጀርባ

«ቁም ሣጥኑም ይውጣ!» አሉ የሟቹ አክስት ኬቦኔ።

ባሏ የሞተባት ሴት እስከ ቀብሩ ድረስ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ፍራሽ ላይ ትቀመጣለች፤ በደቡብ አፍሪካዋ ሩስተንበርግ ውስጥ በዚህ የሚከራከር የለም። ጎረቤቶች ቁም ሣጥኑን ገፍተው ሲያወጡት ሴጋሜትሲ ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች ቀና አለች። ግድግዳው ከወለሉ እስከ መስኮቱ ተሰንጥቋል።

ከስንጥቁ ጎን፣ በየጊዜው የደረሰበትን የሚያሳዩ በእርሳስ የተሰመሩ አጫጭር መስመሮች አሉ፤ በያንዳንዱ ሥር ቀን ተጽፏል። የባሏ የኦትሲሌ እጅ ጽሑፍ ነው። የመጨረሻው ያለፈው እሑድ ነበር። ሰኞ ሞተ።

በየወሩ ቁም ሣጥኑን ሲያንፏቅቅ «አቧራ ልጥረግ ብዬ ነው» ይላት ነበር። በዕድሜው መጥረጊያ ነክቶ የማያውቅ ሰው! እሷም ታምነው ነበር።

«አክስቴ፣ የቤቱን ፋይል ያምጡልኝ።»

«ፍራሽ ላይ ሆነሽ ወረቀት?»

«ያምጡልኝ!»

የተራዘመው ዋስትና ከላይ ነበር። ለአዲስ ቤት የሚሰጠው የአምስት ዓመት ዋስትና ሲያልቅ ኦትሲሌ ለመሠረቱና ለግድግዳው ሁለት ዓመት አስጨምሯል። ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ ካላመለከቱ ግን ቤቱ ቢናድም የሚሰማ የለም። ዋስትናው የሚያበቃው ዓርብ፣ ቀብሩ ቅዳሜ ነው። ማመልከቻውን ከአምስት ወር በፊት ሞልቶታል፤ የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው።

ያልፈረመበት ምክንያት በሩ ላይ ቆሟል። ቤቱን የሠራው ታናሽ ወንድሙ ሞዲሴ ነው።

«እትዬ፣ ከቀብሩ በኋላ ራሴ እጠግነዋለሁ። ይሄ ከገባ የሥራ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ወንድሜ እንኳ አልጨከነብኝም።»

«አዎ፣ ባንተ አልጨከነም» አለች። «እኔንና ልጆቹን ነው እዚህ ግድግዳ ሥር ያስተኛን።» ሟቹን ተናደደችበት፤ ናፈቃትም። «እስክሪብቶ ስጠኝ።»

ሞዲሴ አክስቱን አየ። ሐዘን የተቀመጠች ሚስት ባሏ ሳይቀበር ጉዳይ አትፈጽምም፤ ሊከለክሏት የሚችሉት እሳቸው ናቸው። አክስት ኬቦኔ ተነስተው ጣታቸውን ስንጥቁ ውስጥ ከተቱ። እስከ አንጓው ገባ።

ከዚያ ጀርባቸውን ሰጡ። «ዓይኔ ደክሟል፤ ምንም አላየሁም። ሞዲሴ፣ እስክሪብቶውን ስጣት። ነገ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ፤ መኪናውን የምትነዳው አንተ ነህ።»

ፈረመች። ሞዲሴ በሩን ተደግፎ አለቀሰ፤ ለወንድሙ ይሁን ለፈቃዱ አልታወቀም።

ሁሉም ለጸሎት ወደ ግቢው ሲወጡ ሴጋሜትሲ ቁም ሣጥኑ ከነበረበት ቦታ አንዲት ጉራጅ እርሳስ አገኘች። በጉልበቷ እየዳኸች ወደ ግድግዳው ተጠጋችና በስንጥቁ ጫፍ ላይ አሰመረች። ከእሑድ ወዲህ አልጨመረም፤ የሷ መስመር የሱ ላይ አረፈ። ከጎኑ «ረቡዕ» ብላ ጻፈች።