የመጨረሻዋ ካርድ

"ግራ ዐይኔን ተይው፤ እሱ አልቆለታል። ቀኙን እይልኝ" አለች ይርጋነሽ፣ ሲስተር ብሩክታይት የእጅ ባትሪውን ስታበራባት።

ብሩክታይት ግን መጀመሪያ ያየችው ግራውን ነው። ትራኮማ የዐይን ቆቡን ወደ ውስጥ ቀልብሶት፣ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ሲፈገፍግ ከርሞ ነጭ ጠባሳ ጥሎበታል። ከዚህ በኋላ ማንም ሐኪም ቢያየው ለውጥ የለውም። ቀኙም ያንኑ መንገድ ጀምሯል፤ ዛሬ ቆቡ ከተቃና ግን ይተርፋል።

"ሽፋሽፍቱን እየነቀልሽው ነበር?"

"በወረንጦ። ልጄ ነበረች የምትነቅልልኝ፤ እሷ አግብታ ግንደወይን ሄደች። አሁን ጎረቤት እለምናለሁ። ሲነቀል ደግሞ አጥሮ ይበቅልና እንደ እሾህ ይወጋኛል።"

ብሩክታይት ባትሪውን አጠፋች። ሴትዮዋን አውቃታለች፤ ባታውቃት በወደደች ነበር።

አምና የዐይን ሕክምና ዘመቻው ብቸና ነበር። በጎ አድራጎት ድርጅቱ የሚልከው የቀዶ ሕክምና ዕቃ ለስልሳ ሰው ነው፤ የሚታደለውም ስልሳ ካርድ ነው። ይርጋነሽ አምስት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ የመጨረሻዋን ካርድ አገኘች። ሩቅ ያለ ሰው መቼም መጨረሻ ነው። ከሰዓት በኋላ ካርድ ያልያዙ አንድ ቄስ ብቅ አሉ። ተራ ጠባቂው ሁሉ ብድግ አለ፤ "ይቅደሙ አባታችን" ተባለ። ማን ይቃወማል? ብሩክታይት ራሷ መስቀል ተሳልማ፣ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ይቅደሙ ያለው ሁሉ ተራው ትንሽ ዘገየ እንጂ ምንም አልቀረበትም። የቀረባት ከሁሉ ኋላ ያለችው ሴት ናት። ብሩክታይትም "ዓመት ሩቅ አይደለም፤ ለከርሞ ነይ" ብላ ሸኘቻት። ባትሪ እንኳ አላበራችባትም። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነበር።

"አምና አይቼሽ ቢሆን ኖሮ ይሄ ዐይን ይተርፍ ነበር" አለች ብሩክታይት። ልትደብቀው አልፈለገችም። "ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በይኝ።"

ይርጋነሽ እንባ የማያቆመውን ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"እኔስ መች ተቀመጥኩ? እኔም ተነሥቼ ይቅደሙ ብያለሁ" አለች። "ዘንድሮ ሞጣ ነው ሲሉኝ የአንዲት ፍየሌን ዋጋ ለመኪና ከፍዬ መጣሁ። ያም ሆኖ ይኸው፣ ስልሳ።" ካርዷን አሳየቻት።

ብሩክታይት ውጪ አግዳሚው ላይ እንድትጠብቅ ነገረቻትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሃምሳ ዘጠነኛው ሰው ዐይኑን ታሽጎ ወጣ። ትሪው ላይ አንድ ዕቃ ቀርቷል። ብሩክታይት ልትጠራ በሩ ላይ ስትደርስ አግዳሚው ላይ ያለው አስታማሚ በሙሉ ቆሟል። ቄስ ገብረ ማርያም በዱላቸው ተደግፈው እየመጡ ነው። ብሩክታይት የሞጣ ልጅ ናት፤ ቄስ ገብረ ማርያም የእናቷ ንስሓ አባት ናቸው።

"ኖር፣ አባታችን!"

"በእግዜር፣ በእግዜር።"

"ይግቡ፣ ይቅደሙ።"

ይርጋነሽም ቆማለች። እንዲያውም ከሁሉ ቀድማ የቆመች እሷ ሳትሆን አትቀርም።

"ይቺን ፀጉር ነው ልጄ" አሉ ቄሱ ዐይናቸውን እየጠቆሙ። "አንድ አፍታ ነው።"

ብሩክታይት መስቀላቸውን ተሳለመች። ባትሪዋን አብርታ ሁለቱንም ዐይናቸውን አየች፣ ደጋግማ። አንድ ፀጉር ናት፤ ብሌኑ ንጹሕ ነው። ክንዳቸውን ይዛ ይርጋነሽ የተነሣችበት ቦታ ላይ አስቀመጠቻቸው።

"አባታችን፣ ዕቃው የስልሳ ሰው ነው። እርስዎ ስልሳ አንደኛ ነዎት። የእሷን ስጨርስ የእርስዎን ፀጉር እዚሁ እነቅልልዎታለሁ፤ ለቀዶ ሕክምናው በሚቀጥለው ዙር አስቀድሜ እመዘግብዎታለሁ።"

ከአግዳሚው ወዲያ አንድ ሰው "አይ ጊዜ" ሲል ተሰማ። ብሩክታይት እናቷ ዛሬ ማታ የምትላትን ከአሁኑ ታውቀዋለች።

"ስልሳ" ብላ ጠራች።

ይርጋነሽ አልተንቀሳቀሰችም። ቄሱ እስኪያልፉ መንገድ ለቅቃ፣ ግድግዳውን ተጠግታ ቆማለች። ብሩክታይት ሄዳ፣ አምና የብቸናውን ቄስ እንዳስገባቻቸው፣ እጇን ይዛ አስገባቻት።